ስምንት ሰዓት ከዐሥር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከዐሥር ላይ
አልጋው ተወዛወዘ፤ ወይስ እኔው ነኝ ወይ?
ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ፣
የጎረቤት ሳል የሚያሳልፍ ግድግዳ፣ ያን ሌሊት ግን ጸጥታ።
ጀሪካኑ ውስጥ ያደረው ውሃ ብቻ
ከንፈሩን እንደሚመጥጥ ሰው ድምፅ አሰማ በዝግታ።
ስልኬን አበራሁ፣ ሰዓቱን አየሁ፣ አጠፋሁ፤
ከዚያም ከሁሉ አስቀድሜ ራሴን ጠረጠርሁ።

የግፊት ሰው ነኝ። ክኒኔን ከዋጥሁ ወዲያ
ስንቴ ተንገዳግጃለሁ መሬት ሳይነቃነቅ፣
በደረጃ፣ በገበያ፣ በታክሲ መጠበቂያ።
ዓይኑ የኔ፣ ጆሮው የኔ፣ ፍርሃቱም የኔ፤
ከሳሽ፣ ምስክርና ዳኛ በአንድ ቆዳ ካደሩ
ምን ችሎት ይባላል? ምን ይባላል ነገሩ?

ትርንጎን አላነቃኋትም።
«ተሰማሽ?» ብዬ ብጠይቃት
ጥያቄዬ ራሱ አልጋውን ሊነቀንቅባት።

ሲነጋ ግን አፌ አላስቻለኝም። አቶ ድንበሩ በር ላይ ጫማ ሲያስሩ
«ማታ ተንቀጥቅጧል አይደል?» አልኋቸው።
«እንዴታ! ከአልጋ ልወድቅ ነበር!»
ደግ ሰው ናቸው። «ዘንቧል አይደል?» ቢሏቸው
በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዘረጋሉ።
እሳቸው ለጥበቃው፣ ጥበቃው ለባለሱቋ፤
ቀትር ላይ ወሬው ወፍሮ፣ ጠግቦ ተመለሰልኝ፦
«ሰማህ? ሕንፃው ዘሟል አሉ!»
ደስ ሊለኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ማን ይሁን?
ጠዋት ከቤቴ የላክሁት ልጅ
የሰፈሩን ልብስ ሁሉ ደርቦ ቢመጣ
እንግዳ ነው ብዬ ወንበር ላውጣ?
አንድ ሻማ በአራት መስታወት ፊት ቢበራ
አራት ሻማ አይሆንም፤
እፍ ሲሉት ይታያል።

ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው።
ቆጣሪ አይዋሽም የሚል ሰው
ቆጣሪ አንብቦ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን፣ ኮብልስቶኑ ተቋርጦ
ጥቁር አፈር ጫማ ከሚውጥበት ማዶ፣
ሌንሴ ቤት ገባሁ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ።
እሷ የኛን ብሎክ ሰው አታውቅ፣ የኛም ሰው እሷን፤
በመካከል ያለው ሜዳ እንኳን ወሬ ሰላምታም አያሻግር።
ልጇ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ እንደ እፍኝ ጤፍ የቀለለ፤
«በየሁለት ሰዓቱ ወተት በማንኪያ ስጪው፣ ጻፊ» ብሏት ሐኪሙ
ደብተሯ ከምስማር ላይ በክር የተንጠለጠለ።

ቁጥሬን እየመዘገብሁ ነበር። ምንም አልጠየቅሁም።
እሷ ናት የጠየቀችኝ፦
«ሰሞኑን ቱቦ ትቀብሩ ነበር እንዴ በሌሊት?
መሬቱ ከሥር ተገፋ። ኩባያው ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ሄደብኝ፤
ወተቱን አፈሰስሁት።»

«መቼ?» አልኋት፣ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ
ዓይኔን ከቆጣሪው ሳልነቅል።
ደብተሩን አወረደች። የጻፈችው በኦሮምኛ ነው፤
ቁጥሩ ግን አስተርጓሚ አላሻውም፦
ስምንት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት።

ሁለት ደቂቃ።
እኔን ያሳረፈችኝ ያቺ ሁለት ደቂቃ ናት።
ተመካክሮ የሚመሰክር ሰው ደቂቃ አይስትም፤
የኔ ስልክና የሷ ሰዓት ግን ተገናኝተው አያውቁም፣
ክኒኔን አልዋጠችም፣ ሕልሜን አላለመችም፣
እዚያው አንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ግን
በሁለት መንገድ መጥተን ቆምን።
ያን ሌሊት ያየሁትን ነገር
ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ማታ ለትርንጎ አወራሁላት።
«ነቅቼ ነበር እኮ» አለች፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም፤
«የምትንቀጠቀጠው አንተ መስለኸኝ፣
ግፊትህ የተነሣ መስሎኝ፣
በጨለማ እጅህን ይዤ ትርታህን ስቆጥር ነበር።»

እጄን?
እሱን አላስታውስም።
ለእሱ ያለኝ ምስክር አንድ ብቻ ነው፣
እሷም ባለጉዳይ ናት።

አመንኋት።